ዊንዶውስን አፕግሬድ ማድረግ ወይስ ፎርማት አድርጎ እንደ አዲስ መጫን?

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አቁሟል። ወደ 11 መሻገሪያው ሁለት ነው፦ ባለው ላይ አፕግሬድ ማድረግ፣ ወይም ፎርማት አድርጎ ከዜሮ መጀመር። ኮምፒውተርዎ ደህና የሚሠራ ከሆነ አፕግሬዱ ይበቃል። የሚንቀራፈፍ ወይም ቫይረስ ያስቸገረው ከሆነ ግን እኔ ፎርማቱን እመርጣለሁ፤ አፕግሬድ የቆየውን ጣጣ ይዞ ነው የሚሻገረው።

በሁለቱም መንገድ ቅድሚያ ለባክአፕ ነው። ፎቶና ሰነድ ማንም አይረሳም። የሚረሳው ዴስክቶፕና ዳውንሎድ ላይ የተከመረው፣ ብሮውዘር ውስጥ የተቀመጠው ፓስዎርድም ጭምር ነው። ዲስኩ በቢትሎከር (የዊንዶውስ የዲስክ መቆለፊያ) የተቆለፈ ከሆነ የማስከፈቻ ቁልፉን ሌላ ቦታ ይጻፉት።

አፕግሬድ ቀላል ነው። ሴቲንግ ውስጥ ዊንዶውስ አፕዴትን ይክፈቱ፤ ማሽኑ ብቁ ከሆነ ዊንዶውስ 11 ይቀርብልዎታል። ካልተመቸዎት በ10 ቀን ውስጥ ወደ ድሮው መመለስ ይቻላል።

ፎርማቱ እንዲህ ነው፦

1. ቢያንስ 8 ጊጋባይት የሆነ ፍላሽ ያዘጋጁ። ላዩ ላይ ያለው ሁሉ ይጠፋል።

2. የመጫኛ ማዘጋጃውን (Media Creation Tool) ከማይክሮሶፍት ድረ ገጽ ብቻ አውርደው ፍላሹን በእሱ ያዘጋጁ። ከየትም የተገኘ «የተስተካከለ» ዊንዶውስ መጫን ቫይረስ ሸሽቶ ቫይረስ መጋበዝ ነው። የዋይፋይ ድራይቨሩንም (ዋይፋዩን የሚያሠራውን ፕሮግራም) አብረው ያስቀምጡ፤ አለበለዚያ ተጭኖ ሲያልቅ ኢንተርኔት ላይኖር ይችላል።

3. ፍላሹን ሰክተው ኮምፒውተሩን ሪስታርት ያድርጉ፤ ወዲያው ኤፍ12 ወይም ኢስኬፕን ደጋግመው ይጫኑ። ቁልፉ እንደ አምራቹ ይለያያል። ከሚመጣው ዝርዝር ፍላሹን ይምረጡ።

4. የምርት ቁልፍ ሲጠይቅ «የለኝም» ብለው ይለፉ። ዊንዶውሱ ቀድሞ በሕጋዊ ፈቃድ ይሠራ ከነበረና ያንኑ ዓይነት፣ ሆምን በሆም ወይም ፕሮን በፕሮ ከጫኑ፣ ኢንተርኔት ሲያገኝ ራሱ ያውቀዋል።

5. እዚህ ጋ ረጋ ይበሉ። የዲስክ ክፍልፋዮች ተደርድረው ይመጣሉ፤ እንደ ወትሮው «ሲ» እና «ዲ» ተብለው ግን አይደለም። የሚለዩት በመጠናቸው ነው፤ ስለዚህ ከመጀመርዎ በፊት የእያንዳንዱን መጠን ወረቀት ላይ ይጻፉ። ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ካለ ይንቀሉት። የድሮው ዊንዶውስ ያለበትን ይሰርዙና ባዶውን ቦታ መርጠው ይቀጥሉ። ፋይል ያስቀመጡበትን አይንኩ።

6. ሪስታርት አድርጎ እንደገና ከመጀመሪያው ገጽ ከጀመረ ፍላሹን ነቅለው ኮምፒውተሩን እንደገና ያስነሱት።

ዴስክቶፑ ሲመጣ ፕሮግራም ለመጫን አይቸኩሉ፤ መጀመሪያ ዊንዶውስ አፕዴት ድራይቨሮቹን አውርዶ ይጨርስ።