ፖላሪን እንዴት እንፍታው? የለንደን ጌይ ወንዶች የምስጢር ቋንቋ

ለንደን ውስጥ አስተርጓሚ ነኝ። ቃል ስፈታ ነው የምውለው። እንደ ፖላሪ ልቤን የወሰደው ግን የለም። ፖላሪ የብሪታንያ ጌይ ወንዶች፣ በተለይ እስከ 1960ዎቹ፣ እርስ በርስ ብቻ እንዲግባቡ ይናገሩት የነበረ ቋንቋ ነው። በእንግሊዝና በዌልስ የሁለት ወንዶች ግንኙነት እስከ 1967 (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን ነው) ያሳስር ነበር። አውቶቡስ ላይ ስለ አንድ መልከ መልካም ሰው ለጓደኛ ማውራት እንኳን ያስፈራል። ልጆች ሆነን ትልልቆቹ እንዳይሰሙን በየወፍ ቋንቋ እናወራ እንደነበረው ማለት ነው። ልዩነቱ፣ እነሱን የሚጠብቃቸው ቁጣ ሳይሆን እስር ቤት ነበር።

አንድ የፖላሪ ቃል ሲገጥማችሁ መጀመሪያ ጣልያንኛ ፈልጉበት። መርካቶና ማኪና እያለ ላደገ ሰው ይሄ አይከብድም። «ቦና» ጥሩ ነው። «ኦሚ» ሰውዬ፣ ከጣልያንኛው ኡኦሞ። «ቫዳ» ማየት፣ ከቬዴሬ። «ናንቲ» የለም ወይም አይሆንም፣ ከኒየንቴ። የቋንቋው ስም ራሱ ከፓርላሬ፣ ከመናገር የመጣ ነው። ሲቆጥሩም ኡና፣ ዱዊ፣ ትሬይ ይላሉ። ጣልያንኛው ከየት መጣ ካላችሁ፣ ከከተማ ከተማ ከሚዞሩ የሰርከስና የአሻንጉሊት ትርኢት ሰዎች፣ እንዲሁም ከመርከበኞች። ጌይ ወንዶች በቲያትር ቤትና በመርከብ ላይ ብዙ ይሠሩ ስለነበር ከእነሱ ወረሱት።

ጣልያንኛው እምቢ ካላችሁ ቃሉን በእንግሊዝኛ ፊደል ጽፋችሁ ከኋላ አንብቡት። «ፌስ»፣ ማለትም ፊት፣ ሲገለበጥ «ኢካፍ» ይሆናል። እሱ ደግሞ አጥሮ «ኢክ» ሆነ። «ራያ» ጸጉር ነው። «ሄር»ን ገልብጡት፣ ታገኙታላችሁ። አሁን በጣም የታወቀውን ዓረፍተ ነገር እንሞክር፦ «ቦና ቱ ቫዳ ዮር ዶሊ ኦልድ ኢክ»። ዶሊ ቆንጆ ነው። ሲፈታ «ያንን ቆንጆ ፊትህን ማየት ደስ ይላል» ነው።

ይሄም ካልሠራ ወደ ምሥራቅ ለንደን ሂዱ። እዚያ ቃልን ቤት በሚመታ ሐረግ መተካት የቆየ ልማድ ነው። እግር በእንግሊዝኛ «ፊት» ነው፣ «ፕሌትስ ኦፍ ሚት» (የሥጋ ሳህኖች) ቤት ይመታለታል። ከዚያ መጨረሻው ተቆርጦ «ፕሌትስ» ብቻ ይቀራል። ከሰፈሩ አይሁዶች የመጣ የዪዲሽ ቃልም አለበት።

አደራ የምለው አንድ ነገር አለ። ቃሉ የሌሎች ቃላት የመጀመሪያ ፊደሎች ጥርቅም ነው የሚል ታሪክ ሲነገራችሁ ቶሎ አትመኑ። «ድራግ»፣ የሴት ልብስ ለብሶ መታየት፣ ከሼክስፒር የመድረክ ማስታወሻ የመጣ ምህጻረ ቃል ነው ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። ማስረጃ የለውም። ቃሉ በዚህ ትርጉም ተጽፎ የሚገኘው በ1870 አካባቢ ነው፤ ሼክስፒር ከሞተ ከ250 ዓመት በኋላ። ስለዚህ ሁልጊዜ ጠይቁ፦ መጀመሪያ የተጻፈው መቼ ነው? የት?

ከዚያ ማን ለማን ይለዋል የሚለው ይመጣል። ለእኔ ትልቁ ጥያቄ ይሄ ነው። ፖሊስን «ሊሊ ሎው» ይሉታል፣ ወይም «ቻርፐሪንግ ኦሚ»፣ የሚፈትሽ ሰውዬ። «ናንቲ ፖላሪ» ማለት ዝም በል፣ አትናገር ነው። ጎረቤቴ በወጣትነታቸው የመርከብ አስተናጋጅ ነበሩ። «ናንቲ»ን ዛሬም ይላሉ፤ ሻይ ስቀዳላቸው ስኳሩን በእጃቸው እየከለከሉ። ራሳቸውን «ኦሚ ፓሎኒ»፣ ወንድ ሴት፣ ብለው ሲጠሩ ይስቃሉ። ያው ቃል ከማያውቁት ሰው አፍ ቢወጣ ግን ስድብ ነው። እኛም ጋ ጓደኛሞች ተጠራርተውበት የሚስቁበት ቃል ከሌላ ሰው ሲመጣ ያጣላል። ስለዚህ ትርጉም ስትጽፉ የተናጋሪውን ማንነት አብራችሁ ጻፉ።

ጆሯችሁን ማለማመድ ከፈለጋችሁ ከ1965 እስከ 1968 በቢቢሲ ይተላለፍ የነበረውን «ራውንድ ዘ ሆርን» አድምጡ። ጁሊያንና ሳንዲ የሚባሉት ሁለቱ ገጸ ባሕርያት ሚሊዮኖች በሚያዳምጡት ሬዲዮ ፖላሪን እንደ ልባቸው ያወሩታል። ምስጢርነቱን ካሳጡት ነገሮች አንዱም ይሄው ነው። በ1967 ሕጉ ሲላላ የመደበቂያው አስፈላጊነትም ቀነሰ። የላንካስተር ዩኒቨርሲቲው ፖል ቤከር ቃላቱን ሰብስቦ ባያጠናቸው ብዙ ነገር ይጠፋ ነበር።

በሉ አሁን ይቺን ራሳችሁ ፍቱ፦ «ቫዳ ዘ ቦና ኦሚ አጀክስ»። «አጀክስ» አጠገብ የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ተቆርጦ የተሠራ ነው። የቀረው ከላይ አለላችሁ።