የቪአር ላብ ተማሪ ቴክኒሻኖች የሚደጋግሟቸው ስህተቶች

መነጽሩን መስኮት አጠገብ መተው ከሁሉም የከፋ ነው፤ ስለዚህ ረዘም አድርጌ ላስረዳ። የቪአር (ምናባዊ ዓለም የሚያሳይ) መነጽር ሌንሶች ዓይን ፊት ያለውን ትንሽ ስክሪን አጉልተው ያሳያሉ። ፀሐይ ከውጭ ስትገባባቸው ግን ጨረሯን ሰብስበው ስክሪኑ ላይ አንድ ነጥብ ያደርጉታል። ልጆች በማጉያ መነጽር ወረቀት የሚያቃጥሉት በዚሁ መንገድ ነው። ለጉዳቱ ጥቂት ሰከንድ ይበቃል፤ መነጽሩ ጠፍቶ መቀመጡም አያድነውም። የተቃጠለው ቦታ በጽዳትም በሶፍትዌርም አይለቅም። ድሬዳዋ ላይ ደግሞ ጠዋት ጥላ የነበረን ጠረጴዛ ከሰዓት ፀሐይ ይመታዋል፣ ስለዚህ «ሳስቀምጠው ፀሐይ አልነበረም» ምክንያት አይሆንም። ከእጃችሁ ባወረዳችሁት ቁጥር ሌንሱን በጨርቅ ሸፍኑ። ከሕንፃ ወደ ሕንፃ ስትሄዱ ቦርሳ ውስጥ ይግባ፣ ዚፑም ይዘጋ። እንግዳ መጥቶ በረንዳ ላይ ልሞክረው ቢል በትሕትና እምቢ በሉ፤ እንግዳው ዲኑ ቢሆኑም።

ሌንስ በሸሚዝ ጫፍ ወይም በነጠላ አይጠረግም። የእኛ አቧራ አሸዋ አለበት፣ ሲታሽ ይቧጭራል። መጀመሪያ በጎማ መንፊያ አራግፉት፤ ከዚያ በደረቅ ማይክሮፋይበር ከመሃል ወደ ዳር እያዞራችሁ ጥረጉ። አልኮል ሌንስ አይነካም፣ ቅቡን ያበላሻል። ፊት የሚያርፍበት ክፍል ግን ከእያንዳንዱ ተጠቃሚ በኋላ መጽዳት አለበት፤ ዓይኑ የቀላ ሰው ደግሞ እስኪሻለው አያድርገው።

በሁለቱ ሌንሶች መካከል ያለውን ርቀት ሳያስተካክሉ «ብዥ አለብኝ» የሚል ተማሪን ማሰናበት ሌላው ነው። ክዌስት 2 በሚባለው መነጽር ላይ 58፣ 63 እና 68 ሚሊሜትር የሆኑ ሦስት ቦታዎች አሉ፤ ሦስቱንም አስሞክሩት።

ከትምህርቱ ሰዓት በፊት አፕዴት አትጀምሩ።

ከአገልግሎት የወጣ ትኩስ መነጽር ወዲያው ቻርጅ ላይ አይሰካ። ሊቲየም ባትሪ ግሎ ሲሞላ ዕድሜው ያጥራል፣ ሙቀቱ ከ45 ዲግሪ ካለፈ ደግሞ ጨርሶ መሞላት የለበትም። የክረምት ዕረፍት ሲመጣ ግማሽ አካባቢ ሞልታችሁ አጥፍታችሁ አስቀምጡት፣ በየወሩም እዩት፤ ባዶውን ሁለት ወር የተቀመጠ ባትሪ ላይነሳ ይችላል። የኮንትሮለሮቹን ኤኤ ባትሪዎች አውጡ፣ ካፈሰሱ መገናኛውን ይበሉታል። መብራት ሲሄድ ቻርጀሮቹን ንቀሉ፣ ከተመለሰም በኋላ ጥቂት ደቂቃ ታገሱ።

ምስሉ የሚንቀጠቀጥ ወይም ቦታውን የሚስት ከሆነ መነጽሩን ከመውቀሳችሁ በፊት ክፍሉን እዩ። ካሜራዎቹ የሚመሩት ግድግዳና ወለል ላይ ባለ ምልክት ነው፤ ባዶ ነጭ ግድግዳ፣ መስታወትና ጨለማ ያሳስቷቸዋል። ፖስተር ለጥፉ። የአገራችን መብራት 50 ኸርዝ ነውና በመነጽሩ ሴቲንግ ውስጥ ያለውን የመከታተያ ፍሪኩዌንሲ እዚያ ላይ አድርጉት። ዙሪያውን ሁሉ በሚቀርጸው 360 ካሜራ ቤት ውስጥ ስትቀርጹም በሰከንድ 25 ፍሬም፣ ሸተሩን 1/50 አድርጉ፤ አለበለዚያ አምፖሉ ሲብለጨለጭ ይቀረጻል።

ሐረር ወጥታችሁ ጀጎል ውስጥ ስትቀርጹ የሚመጣው ስህተት በተለይ ያሳዝነኛል፤ ያ ሁሉ መንገድ ተሂዶ ፊልሙ ስለሚበላሽ። ጀማሪ ሁሉ ባለ ሁለት ሌንሱን 360 ካሜራ ሌንሶቹ በቀጭኑ መንገድ ርዝመት እንዲያዩ ያዞረዋል። ያኔ የሁለቱ ምስሎች ስፌት በግራና በቀኝ ያለው ቅርብ ግድግዳ ላይ ይወድቃል። መንገዱ ሜትር ተኩል ከሆነ ግድግዳው ከካሜራው 75 ሳንቲሜትር ብቻ ይርቃል፤ በዚህ ቅርበት ስፌቱ አይገጥምም፣ ድንጋዩም ለሁለት ይሰበራል። ሌንሶቹን ወደ ግድግዳዎቹ አዙሯቸው፤ ስፌቱ ርቆ በሚታየው የመንገዱ ጫፍ ላይ ያርፋል። እዚያ ጥራቱ ትንሽ ይቀንሳል፣ ግን ምስሉ ይገጥማል።

ሌላው ደግሞ፣ በካሜራው ጀርባ የቆመ የመሰለው ሰው ሁሉ ይቀረጻል። አላፊ አግዳሚውን፣ በር ላይ የተቀመጡ እናቶችንም ጭምር፣ ከመጀመራችሁ በፊት አስፈቅዱ። ከዚያ 1.6 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ትከሉት፣ 20 ሰከንድ ሞክሩና ሰፈሩን ሳትለቁ ስፌቱን ስልክ ላይ አጉልታችሁ እዩት።