ስልኩ አልተበላሸም

አራት ኪሎ፣ ከዋናው መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ፣ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። ሁለት ኮምፒውተር፣ አንድ ፕሪንተር፣ አንድ ቀኗን እየጠበቀች የምትሠራ ስካነር። ሰው የሚመጣው ሰነድ ለማስጻፍ ነው። ወረቀቱ እስኪታተም ግን ስልኩን ያወጣና «እስቲ ይሄን ነገር እየውማ» ይለኛል።

እኔ ጠጋኝ አይደለሁም። መበየጃም የለኝም። ግን ከማየው ስልክና ላፕቶፕ አብዛኛው ምንም አልሆነም። ዕቃው የሚቆጥረው በሌላ አቆጣጠር፣ የሚጽፈው በሌላ ፊደል ነው፤ ከእኛ ጋር ሳይግባባ ቀርቶ ነው። ስለዚህ ሞባይል ቤት ሄዳችሁ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት እነዚህን ሞክሩ።

«ኢንተርኔት አለ፣ ግን ምንም አይከፍትም»

ዋይፋዩ ተገናኝቷል። ዳታም አለ። ድረ ገጽ ሲከፈት ግን ግንኙነቱ አስተማማኝ አይደለም የሚል ማስጠንቀቂያ ይመጣል። አንዳንዱ አፕ ጭራሽ አልነሳም ይላል።

አንዲት የሰፈራችን እናት በዚህ ጉዳይ መጡ። «ልጄ፣ ይሄ ስልክ ከውጭ አገሩ ልጄ ጋር አላገናኝ አለኝ። ሲም ካርዱ ነው መሰለኝ» አሉ። ስልኩን ተቀብዬ አየሁት። ቀኑ የእኛ ቀን ነው። ዓመቱ 2017። ሰዓቱም የእኛ። «እማማ፣ ማን ነው እንዲህ ያደረገልዎት?» አልኳቸው። የልጅ ልጃቸው ነው። እንዲመቻቸው ብሎ በእጁ ሞልቶላቸዋል። ልጁ ክፉ አላሰበም።

ነገሩ እንዲህ ነው። እያንዳንዱ ድረ ገጽ እንደ መታወቂያ የሚያሳየው ሰርተፍኬት አለው። ሰርተፍኬቱ ላይ ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን ይሠራል የሚል ተጽፏል፤ በፈረንጅ አቆጣጠር። ስልኩ 2017 ላይ ቆሞ በ2025 የተሰጠ መታወቂያ ሲያይ «ይሄ ገና አልተሰጠም» ይላል። በሩን ይዘጋል። የታዘዘውን ነው የሠራው።

በየ30 ሰኮንዱ የሚለዋወጥ የይለፍ ቁጥር የሚያወጡ አፖችም እንደዚሁ ናቸው። ቁጥሩ የሚሰላው ከሰዓት ነው። ሰዓታችሁ ጥቂት ደቂቃ እንኳ ከተዛነፈ ቁጥሩን መቶ ጊዜ ብትጽፉት አይቀበልም።

መፍትሄው ቅንብር ውስጥ ገብቶ ቀንና ሰዓቱን አውቶማቲክ ማድረግ ነው። የሰዓት ክልሉ አዲስ አበባ ይሁን። አዲስ አበባን ካጣችሁት ናይሮቢም ያው ነው፤ ሁለቱም ከግሪንዊች 3 ሰዓት ይቀድማሉ። ቀኑ በጠፋ በበራ ቁጥር ወደ ኋላ የሚመለስ አሮጌ ዴስክቶፕ ከሆነ ደግሞ ማዘርቦርዱ (የኮምፒውተሩ ዋና ሰሌዳ) ላይ ያለችው ሳንቲም የምታክል ባትሪ አልቃለች። ብዙውን ጊዜ 2032 የሚል ቁጥር አላት፣ 3 ቮልት ናት። ገመዱን ከሶኬት ነቅላችሁ ቀይሯት።

የእማማን ስልክ በአንድ ደቂቃ አስተካከልኩት። ልጃቸው በቪዲዮ ብቅ አለ። መርቀውኝ ሊወጡ ሲሉ ስክሪኑን አዩና ቆሙ። 10:20 ይላል። «ታዲያ አሁን ስንት ሰዓት ነው?» አሉኝ። ውጭ ረፋድ 4 ሰዓት ከ20 ነው።

እውነታቸውን ነው። ለዚህ አንድ ዘዴ አለ። ሰዓቱን በእጅ አትንኩት፣ የሰዓት ክልሉን ብቻ ወደ ቦነስ አይረስ ቀይሩት። ቦነስ አይረስ ከግሪንዊች 3 ሰዓት ወደ ኋላ ነች። ከእኛ ጋር ያላት ልዩነት ልክ 6 ሰዓት ይሆናል። ስልኩ በውስጡ ትክክለኛውን ጊዜ ያውቃል፣ ስለዚህ ሰርተፍኬቱም የይለፍ ቁጥሩም አይበላሽም። ፊቱ ላይ ግን 4:20 ያሳያል። ባለ 12 ሰዓት አቆጣጠር ላይ ካደረጋችሁት ኤኤም የሚለው ቀን፣ ፒኤም የሚለው ማታ ይሆናል። ቀኑ ራሱ የሚለወጠው ንጋት 12 ሰዓት ላይ ነው። አርጀንቲናዎች ሳያውቁት የእኛን ሰዓት ይዘው ይኖራሉ! ከውጭ ሰው ጋር ቀጠሮ የምታበዙ ከሆነ ግን ይቅርባችሁ፣ ትምታታላችሁ። ለእማማ ግን ሠርቷል።

«ፋይሉ አለ፣ ስፈልገው ግን የለም»

ይሄ በራሴ ላይ የደረሰ ነው። አንድ ደንበኛ የጥሪ ካርድ አሠርቶ ነበር። ቀኑ ተቀየረና ተመልሶ መጣ። መፈለጊያው ላይ «ሰርግ» ብዬ ጻፍኩ። ምንም የለም። ሰውየው ቆሞ ይጠብቃል። አፈርኩና ካርዱን እንደ አዲስ ከሀ እስከ ፐ ጻፍኩት። ማታ ልዘጋ ስል ፋይሉ እዚያው ዓይኔ ሥር ተቀምጧል። ስሙ «ሠርግ» ነው። በንጉሡ ሠ።

ለእኛ ሰ እና ሠ አንድ ድምፅ ናቸው። ለኮምፒውተሩ ግን እንደ በ እና ከ የተለያዩ ናቸው። ሀ፣ ሐ፣ ኀም እንዲሁ። አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀም እንዲሁ። «ፀሐይ» የሚለውን ስም ብቻ ውሰዱ። መጀመሪያው በ2 ዓይነት ይጻፋል። መካከለኛው ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ ሊሆን ይችላል፤ 6 ነው። አባዙት፦ 12 አጻጻፍ። ስልክ ማውጫችሁ ውስጥ ያለችው ፀሐይ ከ12ቱ በአንዱ ተደብቃለች።

ስለዚህ ስትፈልጉ ሙሉውን ቃል አትጻፉ። የማያሻማውን ቁራጭ ብቻ ጻፉ። ለሠርግ «ርግ» ይበቃል። ለዓለማየሁ «ለማየ» በሉ። ለፀሐይ የሚተርፈው «ይ» ብቻ ስለሆነ እሷን በአባቷ ስም ፈልጓት። ፋይል ስትሰይሙ ደግሞ አንዱን አጻጻፍ ምረጡና አትለዋውጡ። እኔ አሁን የፋይል ስም ላይ ቀኑንም እጨምራለሁ። ቁጥር አያሻማም።

በነገራችን ላይ አራት ነጥብን ሁለት ጊዜ ሁለት ነጥብ በመምታት የምትጽፉ አላችሁ። ወረቀት ላይ ልዩነቱ አይታይም። ኮምፒውተሩ ግን ዓረፍተ ነገሩ እንዳለቀ አያውቅምና መስመር መጨረሻ ላይ አንዱን ጥንድ ነጥብ ቆርጦ ወደ ታች ሊጥለው ይችላል። አራት ነጥብ (።) ራሱን የቻለ ቁልፍ አለው። እባካችሁ።

«አማርኛው ሳጥን ሆነ» ወይም «ጉድ ሆነ»

ሁለቱ አንድ አይደሉም። መለየት ያስፈልጋል።

ባዶ ሳጥን በሳጥን ከሆነ ጽሑፉ ደህና ነው፣ ኮምፒውተሩ የአማርኛ ፎንት፣ ማለትም የፊደሉን ቅርጽ የያዘ ፋይል፣ የለውም። ኒያላ ወይም ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ጫኑበት። አለቀ።

የላቲን ፊደል፣ ጭረትና ምልክት የተደበላለቀበት ከሆነ ግን ጽሑፉ የተጻፈው ድሮ እንደ ፓወር ግዕዝ ባሉ ሶፍትዌሮች ነው። ያኔ የአማርኛው ቅርጽ በላቲን ፊደሎች ቦታ ላይ ተለብጦ ነበር የሚቀመጠው። ፎንቱ ከሌለ ልባሱ ይወልቅና የውስጡ ይታያል። ግዕዝ የራሱን ቦታ በዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ሁሉ የሚጋሩት የፊደላት መዝገብ) ያገኘው በ1999 እንደ ፈረንጆቹ ነው፤ ብዙ መሥሪያ ቤት ግን ከዚያ በኋላም በልማዱ ቀጠለ። ስለዚህ የቆየ የመመረቂያ ጽሑፍ ወይም ውል ይዛችሁ ስትመጡ ሰነዱ ጠፋ ብላችሁ አታልቅሱ። የተጻፈበትን ፎንት ስትጭኑበት ይመለሳል። ወደ ዩኒኮድ የሚቀይሩ መሣሪያዎችም አሉ፤ ከቀየራችሁ በኋላ ግን ቁጥሮችንና ስሞችን በዓይናችሁ አረጋግጡ። ከእናንተ ዘንድ ወደ እኔ ስትልኩ ደግሞ ፒዲኤፍ አድርጉት። ፎንቱን ይዞ ይመጣል።

«ፎርሙ አልቀበልም አለኝ»

ለዚህ የሚመጣው ሰው ብዙ ነው፣ አብዛኛውም ተማሪ። የሞላው ሁሉ ትክክል ይመስላል። ግን መረጃው አይመሳሰልም ይላል።

አንደኛው ምክንያት ስም ነው። ፎርሙ የቤተሰብ ስም ይጠይቃል። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፤ የራሳችን፣ የአባት፣ የአያት ነው ያለን። አንድ ቦታ አባትን፣ ሌላ ቦታ አያትን ትሞላላችሁ። አጻጻፉም ይለያያል። ጸን አንዱ በቲና በኤስ ይጽፋታል፣ ሌላው በኤስ ብቻ። ፓስፖርት ካላችሁ ፓስፖርቱን ፊት ለፊት አስቀምጡና ፊደል በፊደል ገልብጡ። «እኔ እኮ ስሜን አውቃለሁ» የሚል ደንበኛ አለኝ፤ ሦስት ጊዜ ተመልሷል።

ሁለተኛው የልደት ቀን ነው። ብዙ ሰው ዓመቱ ላይ 8 ይደምርና ቀንና ወሩን እንዳለ ይተወዋል። ሁለቱም ስህተት ነው። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሦስተኛው ሳምንት ድረስ የሚደመረው 7 ነው። ከዚያ በኋላ 8። ኅዳር 10 ቀን 1985 የተወለደ ኖቬምበር 19፣ 1992 ብሎ ይሞላል። ሚያዝያ 10 ቀን 1985 የተወለደ ደግሞ ኤፕሪል 18፣ 1993። በጳጉሜን የተወለዳችሁ 13ኛ ወር ስታጡ አትደናገጡ። የ1985 ጳጉሜን 3 ሴፕቴምበር 8፣ 1993 ነው። መቀየሪያ አፕ ተጠቀሙ፣ በጣት አትቁጠሩ።

«አንድ መልእክት ልኬ የሁለት ቆረጠብኝ»

አልተሰረቃችሁም። በላቲን ፊደል የሚጻፍ አጭር መልእክት 160 ፊደል ይይዛል። አማርኛ ሲሆን 70 ብቻ ነው። ክፍተቱም ነጥቡም ይቆጠራል። 71ኛዋን ስትጽፉ ሁለት መልእክት ይሆናል። በላቲን በተጻፈው መሀል አንዲት አማርኛ ፊደል ወይም ኢሞጂ ብትገባም ሙሉው ወደ 70 ይወርዳል። አሳጥሩ፣ ወይም በቴሌግራም ላኩ።

«ስልኩ ሞላ፣ ዳታውም ያልቃል»

ሰው ፎቶውን መሰረዝ ይጀምራል። ቆዩ። መጀመሪያ ቴሌግራምን እዩ። የዕድሩ ግሩፕ፣ የሠፈሩ ግሩፕ፣ የክርስትና ልጅ ግሩፕ፤ በዓል በመጣ ቁጥር አበባና ሻማ ያለበት «እንኳን አደረሳችሁ» ከሁሉም ይዘንባል። ሁሉም በራሱ ይወርዳል። በዳታችሁ።

ቴሌግራም ቅንብር ውስጥ ዳታና ማከማቻ የሚለውን ክፈቱ። በሞባይል ዳታ በራሱ እንዳያወርድ አጥፉት። ከዚያ እዚያው ካሹን (ወርዶ የተጠራቀመውን) አጽዱ። የተላከላችሁ ነገር ደመናው ላይ ስላለ ስትፈልጉት እንደገና ይወርዳል። ዋትስአፕ ግን እንዲህ አይደለም። እዚያ ከስልኩ የሰረዛችሁት የቆየ ፎቶ ተመልሶ ላይወርድ ይችላል። ሁለቱን አንድ አድርጎ የልጁን የምርቃት ፎቶ ያጠፋ ሰው አውቃለሁ።

«ቻርጅ አያደርግም»

መጀመሪያ ሌላ ገመድ። ቀጥሎ ባትሪ ብርሃን ይዛችሁ ቀዳዳውን ተመልከቱ። የኪስ ብናኝና የመንገድ አቧራ ተጠቅጥቆ እንደ ጨርቅ ይሆናል፣ ገመዱ እስከ መጨረሻው አይገባም። ስልኩን አጥፉና በእንጨት ስቴኪኒ ቀስ ብላችሁ አውጡት። መርፌ አይሆንም። እፍ ማለትም ምራቅ ያስገባል እንጂ አይጠቅምም።

«ስክሪኑ ከፍ ከፍ አለ»

ይሄ ብቻ በእርግጥ ተበላሽቷል። የስልኩ ጀርባ ካበጠ፣ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ከተንገዳገደ፣ ወይም ስክሪኑ ከጠርዙ ከተነሳ ባትሪው ተነፍቷል። አንድ ልጅ እንዲህ ያለውን ስልክ በፕላስተር ጠቅልሎ አምጥቶልኝ ነበር፤ «ቻርጅ ላይ ልሰካው?» ብሎ። አትሰኩት። አትጫኑት። አትውጉት። አጥፉትና ከአልጋና ከሶፋ አርቃችሁ ሸክላ ወይም ሲሚንቶ ላይ አስቀምጡት። ባትሪ ቀያሪ ጋ ስትሄዱ በኪሳችሁ ሳይሆን በእጃችሁ ያዙት።