ልጅ ትምህርት ቤት በጉልበተኞች ሲጠቃ ወላጅ የሚሳሳትባቸው ነገሮች

«የልጆች ጸብ ነው» ብሎ ማለፍ። ጸብ እኩል ለእኩል ነው፤ ዛሬ ተጣልተው ነገ አብረው ኳስ ይጫወታሉ። ብዙዎች «ቡሊ» የሚሉት ጉልበተኝነት ግን ሆን ተብሎ የሚደረግ፣ የሚደጋገምና አጥቂው በጉልበት፣ በዕድሜ ወይም በጓደኛ ብዛት የሚበልጥበት ነው። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ሪፖርት ከሦስት ተማሪዎች አንዱ ገደማ በአንድ ወር ውስጥ ቢያንስ አንዴ ተጠቅቷል።

ሕመሙን ከትምህርት ቤቱ ነጥሎ ማየት። እሑድ ማታ የሚጀምር፣ ዓርብ ማታ ግን የሚጠፋ የሆድ ቁርጠት ወይም ራስ ምታት ሐኪም ይየው፤ እርስዎ ደግሞ ቀኑንና ሰዓቱን ለሁለት ሳምንት ይመዝግቡ። ምሳ ዕቃው ባዶ ሆኖ ልጁ ገና ከበር «ራበኝ» ካለ፣ ምሳውን ሌላ እየበላበት ሊሆን ይችላል። ቤት እንደደረሰ ቦርሳውን ጥሎ ወደ ሽንት ቤት የሚሮጥም አለ፤ የትምህርት ቤቱ መጸዳጃ መምህር የማይደርስበት ቦታ ነውና።

«አንተም ምታው» ማለት። አቅም ቢኖረውማ መች ይጠቃ ነበር? ሲያቅተው ራሱን ይወቅሳል፤ ከዚያ ወዲያ ለእርስዎም አይነግርም።

አስታርቆ መሸኘት። ከሁሉም የሚከፋው ይህ ይመስለናል፤ ምክንያቱም ደግ ሥራ ይመስላል። ዩኒት ሊደሩ ሁለቱን ቢሮ አቁሞ «በሉ ተቃቀፉ» ይላል። የተጠቃው ልጅ አጥቂው ፊት እውነቱን አይናገርም፤ ከቢሮ ሲወጡም «ተናገርክ አይደል!» ይከተለዋል። ለየብቻ ይጠየቁ፦ መጀመሪያ የተጠቃው፣ ቀጥሎ ያዩት፣ በመጨረሻ አጥቂው። ኪቫ የተባለው የፊንላንድ ትምህርት ቤቶች የጉልበተኝነት መከላከያ ፕሮግራም ትኩረቱን ቆመው በሚያዩት ተማሪዎች ላይ ያደረገው ያለ ነገር አይደለም፤ ሳቃቸው ለአጥቂው ጭብጨባ ነው።

ስልክ መቀማት። በቴሌግራም የተሰደበ ልጅ በቤትም ተቀጣ ማለት ነው። መጀመሪያ የላኪው ስምና ቀኑ እንዲታይ ስክሪንሾት ያንሱ፣ ከዚያ ብሎክ ያድርጉ።

በቃል ብቻ ማመልከት። ቀን፣ ቦታ፣ ማን ምን እንዳደረገና ማን እንዳየ በአንድ ገጽ ጽፈው ግልባጩን ያስቀሩ። የክፍል ኃላፊው መልስ ካልሰጠ ወደ ርዕሰ መምህሩ፣ ከዚያም ወደ ወላጅ መምህር ኅብረት ይሂዱ።

«ሐሳቡን እሰጠዋለሁ» ብሎ ስለ ሞት አለመጠየቅ። በግልጽ መጠየቅ ሐሳቡን አይፈጥርም። «ባልኖር ይሻላል» ካለ ብቻውን አይተዉት፤ መድኃኒትና የተባይ መርዝ ከቤት ያርቁ፣ በዚያው ቀን ጤና ተቋም ይውሰዱት።