የልጃችን ፋይል በሁለት ቢሮ መሀል ሲጠፋ

አሜሪካ ውስጥ «ኧርሊ ኢንተርቬንሽን» የሚባለው፣ እድገታቸው ለዘገየ ሕፃናት የሚሰጠው ድጋፍ፣ በአብዛኛው ልጁ 3 ዓመት ሲሞላው ያበቃል። ከዚያ በኋላ ኃላፊነቱ የትምህርት ቤቶች ጽሕፈት ቤት ነው። የእኛ ጉዳይ እዚህች ጋ ተሰነቀረ። ክሊኒኩ የንግግር ሕክምና ሪፖርቱን «ልኬያለሁ» ይላል፣ ትምህርት ቤቱ «አልደረሰኝም» ይላል። ልደቱ ደግሞ እየቀረበ ነው።

ስልኩ ምንም አልፈየደም፤ አንዱ ወደ ሌላው ይመራኛል። ሪፖርቱን አትሜ ብወስድም «ከክሊኒኩ በቀጥታ ይምጣ» ተባልኩ።

የሠራው ኢሜይል ነው። የልጃችንን ድጋፍ ለምታስተባብረው የኧርሊ ኢንተርቬንሽን ሠራተኛ (ሰርቪስ ኮርዲኔተሯ) «ወደ ትምህርት ቤት የሚሸጋገርበት የትራንዚሽን ስብሰባ ይጠራልን፤ ክሊኒኩም ይገኝ፤ የአማርኛ አስተርጓሚም ይኑር» ብዬ ጻፍኩ። አይዲኢኤ (IDEA) የሚባለው የአካል ጉዳተኛ ልጆች ትምህርት የፌዴራል ሕግ ስብሰባው ከልደቱ ቢያንስ 90 ቀን በፊት እንዲደረግ ስለሚያዝ እሱንም ጠቀስኩላት። ቀጠሮው ወዲያው መጣ።

ስብሰባው ላይ ሁሉም ላፕቶፓቸውን ከፍተው ሲያስተያዩ ጉዱ ወጣ። ክሊኒኩ ልጁን በአባቱ ስም፣ ትምህርት ቤቱ በአያቱ ስም መዝግበውታል። የሐበሻ ስም ነገር! ሪፖርቱ ደርሶ ባለቤት አጥቶ ተቀምጧል። በስም ሳይሆን የተወለደበትን ቀን አስገብተው ሲፈልጉት ተገኘ። እዚያው ሁለቱም ስሞች የሰፈሩበት የመረጃ መለዋወጫ ፈቃድ ፈረምኩ፤ ግምገማውም ተጀመረ።

እናንተም ፋይል ጠፋ ከተባላችሁ፣ ልጁ በየቢሮው በምን ስም እንደተመዘገበ ፊደል በፊደል አስነብቧቸው።