ድንችን በጓሮ ማልማት
የጓሮ ድንች ምርት ከሁሉ በፊት በዘሩ ስለሚወሰን፣ ከገበያ የመጣውን ሁሉ ከመትከል ይልቅ እንደ ጉደኔና በለጠ ካሉት የተሻሻሉ ዝርያዎች ጤናማውንና የእንቁላል መጠን ያለውን መርጦ፣ ቀጥተኛ ፀሐይ በማይመታው ነገር ግን ብርሃን ባለበት ስፍራ በስሱ ዘርግቶ፣ አጭርና ጠንካራ ጉንቁል እስኪያወጣ ማቆየት ይገባል፤ በጨለማ የወጣ ረጅምና ነጭ ጉንቁል ሲተከል በቀላሉ ይሰበራል። ቲማቲም ወይም በርበሬ ባልነበረበትና ውኃ በማይተኛበት መደብ ላይ፣ በመስመሮች መካከል 75፣ በተክሎች መካከል 30 ሳንቲሜትር በማራራቅ ይተከላል። ተክሉ 15 ሳንቲሜትር ያህል ሲያድግ አፈር ማስታቀፍ፣ ማለትም በዙሪያው ያለውን አፈር ወደ ግንዱ ሥር መከመር ያስፈልጋል፤ ይህን እንደ ትርፍ ሥራ የሚቆጥሩ ቢኖሩም፣ ብርሃን ያገኘ ድንች አረንጓዴ ሆኖ መርዛማ ንጥረ ነገር ስለሚያከማች ፈጽሞ ሊታለፍ አይገባም። ቅጠሉ ሲደርቅ ግንዱን አጭዶ፣ ልጣጩ እስኪጠነክር ሁለት ሳምንት ገደማ ቆይቶ መቆፈር ይቻላል።