የእስላማዊ ባንክን አፈጻጸም በሸሪዓ ዓላማዎች ስንመዝን ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

በደሴም ሆነ በኮምቦልቻ ከወለድ ነፃ የባንክ አገልግሎትን በመቃሲድ፣ ማለትም በሸሪዓ ዓላማዎች፣ ለመመዘን የሚነሳ ተማሪ ዘርፉ ደጋግሞ ከሚወድቅባቸው ስህተቶች ቢጠነቀቅ ጥናቱ ለአካባቢው ሕዝብ ይጠቅማል።

የመጀመሪያው ስህተት ትርፋማነትን ብቸኛ ዳኛ ማድረግ ነው። የትርፍና የካፒታል ምጣኔዎች የባንኩን ጤንነት ያሳያሉ እንጂ ገንዘቡ ለማን፣ በምን ዓይነት ውል እንደ ደረሰ አይናገሩም።

ከዚህ የሚከፋው የሌላ አገር መለኪያን ሳይፈትሹ መቅዳት ነው። ብዙ አጥኚዎች የሚከተሉትና በ2008 እ.ኤ.አ. በማሌዥያ ተመራማሪዎች የቀረበው መለኪያ የተመሠረተው ግብፃዊው ሊቅ ሙሐመድ አቡ ዘህራ ባስቀመጧቸው ሦስት ዓላማዎች፣ ማለትም ግለሰብን በማነጽ፣ ፍትሕን በማስፈንና የሕዝብን ጥቅም በማስጠበቅ ላይ ነው። ኢማም አል-ገዛሊ ግን ሃይማኖትን፣ ሕይወትን፣ አእምሮን፣ ዘርንና ሀብትን መጠበቅን አምስት ዓላማዎች አድርገው ዘርዝረዋል። በንድፈ ሐሳብ ምዕራፉ አል-ገዛሊን አብራርቶ ስሌቱን በአቡ ዘህራ የሚሠራ ጥናት የጠየቀው ሌላ፣ የመለሰው ሌላ ይሆናል። ከዚህም በላይ በዚሁ መለኪያ የማስታወቂያ ወጪ ግለሰብን ከማነጽ ይቆጠራል፤ ብዙ ማስታወቂያ ያስነገረ ባንክ ብዙ እንዳስተማረ መቁጠሩን እኔ አልቀበለውም። ሌላው የመለኪያው መስፈርት፣ ከወለድ ነፃ ገቢ በጠቅላላ ገቢ ውስጥ ያለው ድርሻም፣ እንደ ዘምዘምና ሂጅራ ያሉ ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ የሆኑ ባንኮችን እርስ በርስ አያለያይም፤ አገልግሎቱን በመስኮት፣ ማለትም ከመደበኛ ሥራው ጎን በተለየ ክፍል፣ የሚሰጠውን መደበኛ ባንክ ደግሞ ያለ አግባብ ዝቅ ያደርገዋል።

ሦስተኛው በዓመታዊ ሪፖርት ያልሰፈረውን እንዳልተደረገ መቁጠር ነው። ዘካውን፣ ማለትም በእስልምና ግዴታ የሆነውን ከሀብት የሚወጣ ምጽዋት፣ ባለአክሲዮኖች በየግላቸው የሚያወጡበት ባንክ አለና፣ በሂሳብ መግለጫው ላይ የዘካ መስመር አለመኖሩ ዘካ አለመውጣቱን አያረጋግጥም።

በእኔ እምነት ትልቁ ጉድለት ግን የተቸገረ ባለዕዳን ከመለኪያው መርሳት ነው። ቁርኣን በሱረቱል በቀራ 280ኛ አንቀጽ ባለዕዳው ከተቸገረ እስኪያገኝ ድረስ እንዲታገሡት ያዝዛል። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ በደረሰ ጊዜ ንብረቱ የተዘረፈበት ነጋዴ የሙራባሃ፣ ማለትም ባንኩ ዕቃ ገዝቶ ትርፍ ጨምሮ በዱቤ የሸጠለት ውል፣ ክፍያው ተራዝሞለት ነበርን? የመዘግየት ቅጣትስ ተጥሎበታልን? ይህን የሂሳብ መዝገብ ብቻውን አይመልስምና አጥኚው ሰኞ ገበያ ወርዶ ነጋዴዎችን፣ ቀጥሎም የቅርንጫፍ ኃላፊዎችን ሊጠይቅ ይገባል። የዚያን ዓመት ውጤት ከሌሎቹ ጋር ደምሮ አማካይ ማውጣትም ባንኩ በችግር ቀን የሠራውን ስለሚሸፍን፣ ዓመቱ ለብቻው ሊተነተን ይገባዋል።